እሾህ ሲነቀል እግሩ የማን ነው?

ይህ በአንድ የተማሪዎች የክርክር ምሽት መዝጊያ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። አንዳንድ የተደጋገሙ ቃላትን ከማውጣት በቀር እንደተናገርኩት ትቼዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ!

ድምፃችሁ ደክሟል። አይፈረድባችሁም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትሟገቱ ነው ያመሻችሁት። የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ዳኞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጣችሁ ተከራካሪዎች፣ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። አስተማሪ የነበረ ሰው ሃያ ደቂቃ ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ታገሡኝ።

የዛሬው ርዕስ «ታጣቂ ቡድኖችን በጦር ኃይል መደምሰስ ተገቢ ነው» የሚል ነበር። ደጋፊው ቡድን በጠባብ ነጥብ አሸንፏል። እንኳን ደስ አላችሁ። ተቃዋሚው ቡድን ደግሞ አይክፋችሁ። የተሸነፋችሁት ሐሳባችሁ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ደጋፊዎቹ «እሾህን በእሾህ» ብላችሁ ከፈታችሁ። ተቃዋሚዎቹ «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ብላችሁ ዘጋችሁ። አዳራሹ ለሁለቱም አጨበጨበ። እኔ ግን የሣሩን ተረት አልወደውም። ለምን? ሣር አይናገርም። ሣር ስም የለውም። ሣር ቢረገጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይበቅላል። ሰውን በሣር ስንመስል ሳናውቀው ግማሹን ይቅርታ ለዝሆኖቹ ሰጥተናል።

የእሾሁ ተረት ይሻለኛል። እንዲያውም ደጋፊዎቹ በደንብ አልተጠቀማችሁበትም። በእሾህ እሾህ ነቅሎ የሚያውቅ ሰው እጁን ያውጣ! አያችሁ፣ ብዙ ነን። እንዴት ነው የሚነቀለው? መጀመሪያ ብርሃን ወዳለበት ትሄዳላችሁ። ትቀመጣላችሁ። እግሩን ታጥባላችሁ። ቆዳውን በጥፍር ጫን ብላችሁ የገባበትን ትፈልጋላችሁ። ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ለምን ቀስ? እግሩ የራሳችሁ ነዋ! የልጅ እግር ከሆነ ደግሞ «አመመህ?» እያላችሁ ነው የምትነቅሉት። እሾህ ለመንቀል መጥረቢያ ያነሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ብቻ ነው። እሾሁ ሲነቀል እግሩ የማን ነው?

ሦስት ነገር ልል ነው የመጣሁት። አንደኛው ስለ ኃይል ነው። ሁለተኛው ስለ ሕግ ነው። ሦስተኛው ስለ ቆጠራ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ከአንደኛው ልጀምር።

ኃይል ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች ልብ የሌላቸው አይደሉም። ይህን የምለው ለተቃዋሚው ቡድን ነው። ደጋፊዎቹን «ጦርነት ናፋቂዎች» ያላችሁበት ቦታ ላይ እኔ ዳኛ ብሆን ነጥብ እቀንስባችሁ ነበር።

በኦገስት 2014 አይሲስ ሰሜን ኢራቅ ሲንጃር ገባ። ያዚዲ የሚባሉትን አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ወንዶች እየለየ ገደለ። ሴቶችንና ልጃገረዶችን በባርነት ሸጠ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ተራራው ሸሸ፤ በዚያ ፀሐይ ያለ ውኃ ተከበበ። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በ2016 ድርጊቱን ዘር ማጥፋት ብለውታል። እስቲ ተራራው ላይ ላሉት ሰዎች «ድርድር ይቅደም» በሏቸው። ከማን ጋር? በምን ላይ? ለስንት ቀን? ከበባውን የሰበረው ከሰማይ የአየር ድብደባ፣ ከምድር ደግሞ የኩርድ ተዋጊዎች ናቸው።

ወደ ሞቃዲሾ እንምጣ። ኦክቶበር 14 ቀን 2017፣ ዞቤ መስቀለኛ መንገድ። ፈንጂ የጫነ የጭነት መኪና ፈነዳ። 587 ሰው ሞተ። ያን ቀን ያን መንገድ ያቋረጡት ሰዎች ምን አጠፉ? ሲቪልን የሚፈጀው መንግሥት ብቻ አይደለም። የታጣቂዎቹን ግፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎ ወደ ድሮን የሚሮጥ ተከራካሪ፣ ተጎጂዎችን እየመረጠ ነው የሚያዝነው።

ስለዚህ ኃይል አንዳንዴ ግድ ነው። ይህን ከልቤ አምናለሁ። ግን «ይፈቀዳል ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ «ይሠራል ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ።

ራንድ የሚባል የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2008 አንድ ጥናት አወጣ። ከ1968 እስከ 2006 የነበሩ 648 የሽብር ቡድኖችን ተመለከተ። ከእነዚህ 268ቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ አክትሞላቸዋል። እንዴት አከተሙ? 43 በመቶ ወደ ፖለቲካ ገብተው። 40 በመቶ በፖሊስና በስለላ ተሰብረው። 10 በመቶ የፈለጉትን አግኝተው። በጦር ኃይልስ? ገምቱ እስቲ! 30 ያልከው ልጅ፣ አልተገኘም። 7 በመቶ። ሰባት።

ተቃዋሚዎች፣ የተሸነፋችሁት ይህን ቁጥር ይዛችሁ ስላልመጣችሁ ነው!

ቶሎ አታጨብጭቡ ግን። ያው ጥናት፣ ቡድኑ ትልቅ፣ በደንብ የታጠቀና የተደራጀ ሲሆን የጦር ኃይል የተሻለ እንደሚሠራ ይናገራል። አይሲስን ከኢራቋ ከተማ ከሞሱል ያስወጣው ቆሻሻ የፈተሸ ፖሊስ አይደለም።

ቆሻሻ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ፔሩ ውስጥ ሴንዴሮ ሉሚኖሶ የሚባል ታጣቂ ቡድን ነበር፤ «ብሩህ ጎዳና» እንደ ማለት ነው። ከ1980 ጀምሮ በተራራማው ገጠር መንደር እየገባ የሚቃወሙትን ገበሬዎች ያርድ ነበር። ማረድ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ጦሩ ሊዋጋው ወጣ። ጦሩም መንደር እየገባ ገበሬ ገደለ። ገበሬው ለታጣቂው ምግብ ሰጠ ተብሎ በጦሩ ይሞታል፤ ለጦሩ መንገድ አሳየ ተብሎ በታጣቂው ይሞታል። የአገሪቱ የእውነትና እርቅ ኮሚሽን በ2003 ሲደምር ወደ 69,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል ወይም ጠፍቷል አለ። ከሟቾቹ ገሚስ በላይ የሚሆኑትን የገደለው ቡድኑ ነው። ከቀሪው ብዙውን የገደሉት የመንግሥት ኃይሎች ናቸው። ከአራት ሟች ሦስቱ ኬችዋ ወይም ሌላ የነባር ሕዝብ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። ዋና ከተማው ውስጥ የእነሱን ቋንቋ የሚሰማ አልነበረም።

ታዲያ ቡድኑ በምን ተሰበረ? በዋና ከተማው በሊማ ጥቂት ፖሊሶች ያሉበት አንድ የምርመራ ክፍል ነበር። አንድ ቤት ይጠረጥራል። ምድር ቤቱ የዳንስ ትምህርት ቤት ነው። ፖሊሶቹ የቤቱን ቆሻሻ መበርበር ጀመሩ። የቆሻሻው ብዛት እዚያ ይኖራሉ ከተባሉት ሰዎች ጋር አይሄድም። ውስጡ የሲጋራ ቁራጭ አለ፤ መሪው ያጨሰዋል የተባለው ዓይነት ነው። ባዶ የቅባት ቱቦ አለ፤ መሪው እንዳለበት የሚታወቀው የቆዳ በሽታ መድኃኒት ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1992 ገቡ። መሪው አቢማኤል ጉዝማን ፎቅ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም ሳይሞት ያዙት። ቡድኑ በዚያ ቀን ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ከዚያ በኋላ ቀድሞ ወደነበረበት አልተመለሰም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መንደር ተቃጠለ። የቆረጠው ግን የቆሻሻ ከረጢት ነው። ይህ ነው እኔ እሾህ በእሾህ የምለው! ብርሃን፣ ትዕግሥት፣ የሾለች ትንሽ ነገር።

ለሚዛኑ ያህል ተቃራኒውንም ልናገር። በሜይ 2009 የስሪላንካ ጦር የታሚል ነብሮች የሚባለውን ታጣቂ ቡድን በጦር ሜዳ ጨረሰ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የቆየ ጦርነት አለቀ። «ጦር አያሸንፍም» የሚል ሰው ይህን መመለስ አለበት። ጦር ያሸንፋል። ግን በመጨረሻዎቹ ወራት ምን ሆነ? ነብሮቹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የራሳቸውን ሕዝብ አግተው ይዘው የሚሸሸውን ይተኩሱ ነበር። መንግሥት «ተኩስ የለበትም» ብሎ ያወጀውን ቀጣና መልሶ በመድፍ ደበደበው። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በ2011 የሲቪሎቹ ሞት እስከ 40,000 ሊደርስ ይችላል አለ። የጠፉ ልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ለዓመታት መንገድ ዳር የተቀመጡ እናቶች አሉ። እሾሁ ወጥቷል። እግሩስ?

አንድ ሂሳብ ልስጣችሁና ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ከአሥር ሁለት ሲቀነስ ስንት ነው? ስምንት አላችሁ። በ2009 አፍጋኒስታን የነበሩትን የኔቶና የአሜሪካ ወታደሮች ያዝዝ የነበረው ጄኔራል ማክሪስታል ሃያ ሊሆን ይችላል ብሏል። ለምን? የሞቱት ሁለቱ ታጣቂዎች ወንድም አላቸው። አባት አላቸው። የአጎት ልጅ አላቸው። ይህን ያለው የሰላም ሰባኪ አይደለም፤ ዕድሜውን በጦር ሜዳ የጨረሰ ሰው ነው። በዚያው ዓመት የመኖሪያ ቤቶች ላይ የሚደረግ የአየር ድብደባ በጥብቅ እንዲገደብ መመሪያ አወጣ። ከርኅራኄ ብቻ አይመስለኝም። ሂሳቡ ስላልወጣለትም ነው።

ሁለተኛው፣ ሕጉ።

በወጣትነቴ አስተርጓሚ ነበርኩ። ከጦርነት የሸሹ ሰዎች መጠለያ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቃላቸውን እየተረጎምኩ ቅጽ እሞላለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት መጣች። ታጣቂዎች ቤቷ ጣሪያ ላይ ወጥተው ነበር። አስፈቅደዋት አይደለም። መሣሪያ የያዘን ሰው ማን «ውረድ» ይለዋል? እሷና ልጆቿ ታች ተሸሽገዋል። ከዚያ ከሰማይ መጣ። ሁለት ልጆች ሞቱ።

ቅጹ ላይ «ጉዳቱን ያደረሰው ወገን» የሚል መስመር አለ። አንድ መስመር። «ማን ልበል?» አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ በደረጃው የወጡት እነዚያ ናቸው። በጣሪያው የገቡት እነዚህ ናቸው። ሁለቱንም ጻፊ።»

አለቃዬን ጠየቅኩ። አንድ ብቻ ነው የሚሞላው አለኝ። ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? «ያልታወቀ።» ያልታወቀ! እሷ ሁለቱንም አሳምራ ታውቃቸዋለች።

ያ ቅጽ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የዛሬው ክርክራችሁም ትንሽ እሱን ይመስል ነበር፣ አትቀየሙኝ። አንዱ ቡድን በደረጃ የወጡትን ብቻ ያያል። ሌላው በጣሪያ የገቡትን ብቻ።

ደግሞ የእሷ ብቻ ታሪክ አይምሰላችሁ። ማርች 17 ቀን 2017፣ ምዕራብ ሞሱል፣ አል ጀዲዳ ሰፈር። አንድ ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት የአይሲስ አነጣጥሮ ተኳሾች አሉ። አይሲስን የሚወጋው በአሜሪካ የሚመራ ጥምር ኃይል 227 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቦምብ ጣለባቸው። ቤቱ ውስጥ ቤተሰቦች ተጠልለው ነበር። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ፔንታጎን፣ ራሱ ባደረገው ምርመራ 105 ሲቪሎች ሞተዋል። ቤቱን ያፈረሰው አይሲስ እዚያ ያስቀመጠው ፈንጂ ነው አለ፤ ሰዎቹ ውስጥ መኖራቸውን አናውቅም ነበርም አለ። የሰፈሩ ሰዎች ግን የፈንጂውን ነገር አልተቀበሉትም። ክርክሩን ለጊዜው ተዉት። ሁለት ተኳሽ። አንድ ትልቅ ቦምብ። 105 ሬሳ።

ሕጉ ምን ይላል? የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶችና የ1977ቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ብዙ ገጽ አላቸው። ለዛሬ ሦስት ቃል ይበቃናል። መለየት። ተመጣጣኝነት። ጥንቃቄ። መለየት ግልጽ ነው፤ ተዋጊውን ከሲቪሉ ለይ ነው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያሳስታቸው ተመጣጣኝነት ነው።

ተመጣጣኝነት «እነሱ አሥር ገደሉ፣ እኛም አሥር» ማለት አይደለም። እሱ ደም መመለስ ነው! ተመጣጣኝነት ከመተኮስ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ከዚህ ጥቃት የማገኘው ተጨባጭና ቀጥተኛ ወታደራዊ ጥቅም ምንድነው? ሲቪሎች ላይ ይደርሳል ብዬ የምጠብቀው ጉዳትስ? ጉዳቱ ከጥቅሙ አንፃር ከመጠን ያለፈ ከሆነ፣ አትተኩስም። አለቀ። «ጦርነቱን ማሸነፍ» ተጨባጭና ቀጥተኛ ጥቅም አይደለም። ሁሉም ጥቃት ጦርነቱን ለማሸነፍ ነው የሚደረገው። በዚያ ሚዛን ከተመዘነማ የማይፈቀድ ነገር የለም።

ጥንቃቄ ደግሞ የእሾህ ነቃዩ ሥራ ነው። ሌላ መሣሪያ የለም? ሌላ ሰዓት የለም? ማስጠንቀቅ አይቻልም? ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ለማወቅ የምችለውን ሁሉ አድርጌአለሁ? «አላወቅንም» የሚለው መልስ የሚበቃው «ለማወቅ ምን አደረጋችሁ?» የሚለው ሲመለስ ነው።

ከደጋፊው ቡድን ሦስተኛው ተናጋሪ፣ አንተ ጎበዝ ተናጋሪ ነህ። ግን አንድ ነገር አልክ። «ታጣቂው ሲቪሉን ጋሻ ካደረገው፣ ደሙ በታጣቂው ራስ ላይ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበልህ። ግማሹ እውነት ነው። ሰውን ጋሻ ማድረግ ወንጀል ነው። ግን የመጀመሪያው ፕሮቶኮል አንቀጽ 51 ቀጥሎ ምን እንደሚል ታውቃለህ? የአንዱ ወገን ወንጀል ሌላውን ወገን ሲቪሎችን ከመጠበቅ ግዴታው አያወጣውም ይላል። ፕሮቶኮሉ የተጻፈው በዋናነት ለመንግሥታት ጦርነት ነው፤ መርሁ ግን በአገር ውስጥ ጦርነትም ተቀባይነት አለው። ጥፋት ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘዋወርም። ይደመራል እንጂ።

«ታዲያ ለምን አልወጡም?» ያልሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞሱል ላይ ለምን አልወጡም? ዘመቻው በኦክቶበር 2016 ሲጀመር የኢራቅ መንግሥት ራሱ በራሪ ወረቀት እየጣለ «ከቤታችሁ አትውጡ» ብሎ ነበር። ለመውጣት የሞከረውን ደግሞ አይሲስ ይተኩስበታል። ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ ከተማዋ ነፃ ወጣች ሲባል፣ አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ከ9,000 እስከ 11,000 ሲቪል ሞቷል ብሎ ገመተ። ቢወጡ ሞት፣ ቢቀሩ ሞት። ከዚያ እኛ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን «ለምን አልወጡም?»

ቅድም ልለው የነበረ አንድ ነገር፤ ተዋጊዎቹን የምንቅ እንዳይመስላችሁ። አጎቴ መድፈኛ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ዶሮ ሲታረድ ማየት የማይችል። ልጅ ሆኜ «ስንት ሰው ገድለሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጅ አያፍርም። ዝም ብሎ ቆየና «የወደቀበትን አንድም ቀን አላየሁም» አለኝ። «ሬዲዮው ቁጥር ይሰጠኛል። መቶ ጨምር ይለኛል፣ እጨምራለሁ። ሃምሳ ወደ ቀኝ ይለኛል፣ ወደ ቀኝ አደርጋለሁ። ከዚያ ‹ጥሩ ነው› ይሉኛል። ጥሩ ነው ሲሉኝ ምን እንደሆነ አልጠይቅም።» ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን ጠየቀ። ራሱን ማለቴ ነው። ሌሊት ሌሊት።

በዚህ ልግባ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ቆጠራው።

መጀመሪያ ስለ አንድ ቃል። «እርምጃ» የሚለውን ቃል ታውቃላችሁ። በእግር የሚኬድ ነገር ነው። ሕፃን የመጀመሪያ እርምጃውን ሲራመድ እልል ይባላል። ከዚያ ዜና ትከፍታላችሁ። «በታጣቂዎቹ ላይ እርምጃ ተወሰደ።» ስንት ሰው ሞተ? አይታወቅም። እርምጃ ነዋ! ሌላም አለ። «ተደመሰሱ።» መደምሰስ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳ ተደምስሶ ሲያበቃ ምን ተጽፎበት እንደነበር ማን ያስታውሳል? የዛሬው ርዕሳችሁም ውስጥ ይኸው ቃል ነበረበት። ማንም አልተቃወመውም፤ እኔም እስከዚህች ደቂቃ አልተቃወምኩም።

ኦገስት 29 ቀን 2021፣ ካቡል። የአሜሪካ ድሮኖች አንዲት ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ለሰዓታት ተከተሉ። ሰዎች ዕቃ ሲጭኑባት ታየ። ፈንጂ ነው ተባለ። መኪናዋ ግቢ ስትገባ ተመታች። የአሜሪካ ከፍተኛው ጄኔራል ጥቃቱን «ተገቢ» አለው። ጋዜጠኞች ግቢው ድረስ ሄዱ። ሹፌሩ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ፈንጂ የተባለው የውኃ ጄሪካን ነበር። አሥር ሰው ሞቷል፤ ሰባቱ ልጆች። ፔንታጎን ሴፕቴምበር 17 ቀን ስህተት ነው አለ። ካቡል ስለሆነ፣ ጋዜጠኛ ስለነበረ፣ ዓለም ሁሉ እያየ ስለነበረ ታወቀ። ጋዜጠኛ የማይደርስበት ስንት ግቢ አለ?

ሌላ። በጁን 2015 የኔዘርላንድስ አውሮፕላኖች ኢራቅ ሐዊጃ ውስጥ የአይሲስን የፈንጂ ፋብሪካ መቱ። ዒላማው እውነተኛ ነበር። ግን ውስጡ የነበረው ፈንጂ አብሮ ፈንድቶ ሰፈሩን አወደመው። ቢያንስ 70 ሲቪል ሞተ። የኔዘርላንድስ ሕዝብ ቦምቡን የጣለው የራሱ አውሮፕላን መሆኑን የሰማው በ2019 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ! ያ ሕዝብ በእነዚያ አራት ዓመታት በስሙ ስለሚደረገው ጦርነት ሲከራከር፣ ሲመርጥ፣ ሲወስን ነበር። ዋጋውን ሳያውቅ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ቆጠራው ራሱ ገዳይ ሲሆን ነው። ኮሎምቢያ ውስጥ መንግሥት ፋርክ የሚባለውን ታጣቂ ቡድን ሲዋጋ የዘመቻ ውጤት በሬሳ ይለካ ነበር። ብዙ የገደለ ክፍል የዕረፍት ፈቃድ ያገኛል፣ ሽልማት ያገኛል። ታዲያ ምን ሆነ? ወታደሮች ድሃ ወጣቶችን «ሥራ አለ» እያሉ ከከተማ ወሰዱ። ገደሏቸው። የታጣቂ ልብስ አለበሷቸው። ጠመንጃ አጠገባቸው አስቀመጡ። ፎቶ አነሱ። ለዚያ ጦርነት የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት በ2021 ሲናገር፣ ከ2002 እስከ 2008 ብቻ እንዲህ የተገደሉት 6,402 ናቸው አለ። እስቲ አስቡት። በየምሽቱ ዜና ላይ «ይህን ያህል ታጣቂ ተገደለ» ሲባል ያጨበጨበ ሰው ነበር። ምናልባት ደግ ሰው። ምናልባት እንደ እኔና እንደ እናንተ።

«ታጣቂዎቹስ አይጠየቁም?» የሚል ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል። ይጠየቃሉ እንጂ! የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 እነሱንም ያስራል። አፍጋኒስታን ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት በየዓመቱ ሲቆጥር በአብዛኞቹ ዓመታት ትልቁ የሲቪል ጉዳት ታሊባንና ሌሎች ታጣቂዎች ያደረሱት ነበር። ይጻፍ። ሁሉም ይጻፍ። ግን ታጣቂው እኔን አያማክረኝም። ግብር የምከፍለው ለእሱ አይደለም። በእኔ ስም የሚተኩሰው ሌላ ነው። እኔ ልጠይቀው የምችለው፣ ጥያቄዬም ሊያስጨንቀው የሚገባው እሱን ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ርዕስ ስትከራከሩ አንድ ደንብ ብትጨምሩ ደስ ይለኛል። «ኃይል እንጠቀም» የሚል ተናጋሪ አራት ነገር ሳይናገር አይቀመጥ። የት? በምን መሣሪያ? ከሥር ማን አለ? ሲያልቅ ማን ይቆጥራል? «ኃይል አንጠቀም» የሚለውም አይቅርለት። እስከዚያ ድረስ በታጣቂው ሥር ያሉት ሰዎች ነገ ጠዋት ምን ይሁኑ? ይህን ሳይመልስ «ሰላም» ብሎ መውረድ ለእኔ ማምለጥ ነው። ምሽቱ ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ይርዘም።

የቅጹን ታሪክ አልጨረስኩትም። ያቺ እናት ልትሄድ ስትነሳ ወደ ወረቀቱ አጎንብሳ «ስማቸውን ጻፍሽ?» አለችኝ። ቅጹ የስም ቦታ አልነበረውም። «የሟቾች ብዛት» ነው የሚለው፤ እኔም «2» ብዬ ሞልቻለሁ። አፍሬ ዳር ላይ ሁለቱንም ስም ጻፍኩ። እያየችኝ ነው የጻፍኩት። ፊደሉን ባታውቀውም ጣቷን እያስኬደች ተከተለችው። በማግሥቱ ቅጹ ተመለሰልኝ፤ ከተመደበው ቦታ ውጭ አይጻፍ ተብሎ። በሌላ ንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ስሞቹ ቀሩ።

ስሞቹን እስካሁን አልረሳኋቸውም። እዚህ አልጠራቸውም፤ እናታቸውን ሳላስፈቅድ አይሆንም።

ሰዓቴን በልቼ የናንተንም ወስጃለሁ መሰለኝ። ጥያቄ ካለ አሁን እቀበላለሁ። ከኋላ፣ አዎ አንቺ፣ ቅድም ጀምሮ እጅሽ አልወረደም። ስለዚያ ሰባት በመቶ ልትሟገቺኝ እንደሆነ ፊትሽ ይናገራል። ማይኩን ስጧት እስቲ።